ባሌ መፍጫ ሲመርጥ

ባሌ ቀያሽ ነው። በአንድ ስንዝር መሬት የተነሳ አሥር ዓመት የተኳረፉ ጎረቤታሞች መሃል ሦስት እግር ያለውን መሣሪያውን ያቆማል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ከዚያ «ድንበሩ ልክ እዚህ ጋ ነው» ይላል። ሁለቱም ይጠሉታል። እሱም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመጣል። ለእሱ ከመወደድ ይልቅ ልክ መሆን ይበልጥበታል። ይህን አውቄ ነው ያገባሁት፤ ስለዚህ ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።

ጣጣው የጀመረው መሥሪያ ቤቱ ባወጣው የዓመት መዝጊያ ዕጣ የኤስፕሬሶ ማሽን የደረሰው ዕለት ነው። ሌሎቹ ጃንጥላና የግድግዳ ሰዓት ደረሳቸው፤ ለእኛ ግን ሁለት ሰው የተሸከመው የሚያብረቀርቅ ብረት መጣልን። ወጥ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ የዳቦ መጥበሻውን ወደ ሳሎን ሰድደን ቦታ ሰጠነው። እኔ የሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ አንድ ስኒ ደህና ቡና ካልጠጣሁ የሰው መድኃኒት ባልነካ ይሻላል። ስለዚህ ማሽኑ ሲመጣ ተደሰትኩ። ሞኝነቴ።

በማግስቱ ከሱቅ ተፈጭቶ የተሸጠልንን ቡና ጨምረን ቁልፉን ተጫንን። ውሃው እንደ ተከፈተ ቧንቧ ፏ ብሎ ወረደ፤ ስኒው ዓይን ሳይጨፈን ሞላ። ቀመስኩት። የቡና ስኒ የታጠበበት ውሃ ነው።

«ችግሩ ማሽኑ አይደለም» አለ ባሌ ስልኩ ላይ ጥቂት ካነበበ በኋላ። «ቡናው ሻካራ ሆኖ ነው የተፈጨው። ለኤስፕሬሶ ደቃቅ፣ ደግሞም እኩል መሆን አለበት። የራሳችን መፍጫ ያስፈልገናል።»

«እንግዛዋ።»

«እንግዛዋ?» አለ፣ ቤቱን በእሳት እንለኩሰው ያልኩት ይመስል። «መፍጫ ዝም ብሎ አይገዛም። ይመረጣል።»

ምርጫው ሦስት ወር ፈጀ። በሦስት ወር መንግሥት ይገለበጣል። ባሌ ኮምፒውተሩ ላይ ሰንጠረዥ ከፍቶ አርባ አንድ መፍጫ መዘገበ፤ ለእያንዳንዱም አሥራ ሰባት መስፈርት አወጣ። ቡናውን የሚፈጨው ጥርስ ጠፍጣፋ ነው ሾጣጣ? ብረት ነው ሴራሚክ? ማስተካከያው ጠቅ ጠቅ እያለ በደረጃ ነው የሚሄደው ወይስ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የትም ላይ ይቆማል? ሆዱ ውስጥ ስንት ግራም ቡና ደብቆ ያስቀራል? ድምፁ ከልብስ ማጠቢያችን ይብሳል ወይስ ያንሳል? ለሁሉም ነጥብ ሰጠ። ውጤቱ ካላማረው የነጥብ አሰጣጡን ይቀይራል፤ ያን ጊዜ ትናንት አንደኛ የነበረው ዛሬ ዘጠነኛ ይወጣል። ትምህርት ቤት ብንሆን ወላጅ ይጠራ ነበር።

ራት ላይም ሰላም የለም።

«ሾጣጣ ጥርስ ቡናውን ወፈር ያደርገዋል» ይለኛል ሹካውን አቁሞ። «ጠፍጣፋው ደግሞ ጣዕሙን ለየት ለየት አድርጎ ያወጣዋል። አንቺ የቱን ትመርጫለሽ?»

«ቡና የሚያወጣውን።»

«ጥያቄው አልገባሽም።»

አንድ ቀን ቆሽቴ አርሮ ከሥራ ስመለስ ትንሽዬ ባለ ምላጭ መፍጫ ገዝቼ መጣሁ። ክዳኗን ሲጫኗት እንደ ተርብ ትጮሃለች፤ ሲለቋት ዝም ትላለች፤ ሌላ ምንም ነገር የላትም። ባሌ በፌስታል እባብ ይዤ የገባሁ ያህል ሸሸት ብሎ አያት።

«ይቺ አትፈጭም። ትከትፋለች» አለ።

«እንሞክራታ።»

ሞከርናት። የወጣውን ቡና ነጭ ወረቀት ላይ በትኖ፣ ካርታ የሚያነብበትን አጉሊ መነጽር አምጥቶ አሳየኝ፤ ግማሹ ትቢያ፣ ግማሹ ጠጠር። ከማሽኑ የወረደው ቡናም በአንድ ጉንጭ የሚኮመጥጥም የሚመርም ነገር ሆነ። ፊቴ ጭምድድ ሲል ባሌ ላይ በሠርጋችን ቀን እንኳን ያላየሁትን ደስታ አየሁ። ልክ ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

የባሌ አባትም አብረውን ነው የሚኖሩት። አባባ አርባ ዓመት ሙሉ ቶርኖ ላይ ቆመው ብረት ሲቀርጹ፣ የሞተር ዘንግ ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጡ፤ ባለቤታቸው ዐረፉ፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሐኪም ቡና ከለከላቸው። አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ እየሰሙ ያልተሰበረ ነገር ይጠግናሉ። ከልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት ስለ አየር ጠባይና ስለ ኪኒን ብቻ ነው። ነገሩ የቆየ ነው። ባሌ ጎረምሳ ሳለ አባቱ አለቆቻቸውን ለምነው እሳቸው ጋ ሥራ አስገቡት፤ ዘጠኝ ቀን ሠራና በአሥረኛው ቀን ቅየሳ ትምህርት ቤት ሄዶ ተመዘገበ። «የወረቀት ሰው ሆነ» አሉ አባባ። ሌላ ምንም አላሉም፤ እሱም መልስ አልሰጠም፤ ይኸው ሃያ ዓመት አለፈ።

አንድ ከሰዓት አባባ ከበረንዳ ሲገቡ ባሌ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብለው ሰንጠረዡን አዩት።

«ጥርሶቹ ሲዞሩ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አባዬ፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው» አለ ባሌ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

አባባ ወደ በረንዳቸው ተመለሱ። ብረት በብረት ላይ የሚዞርበት ዕቃ ለቶርኖ ባለሙያ «ሌላ ነገር» መሆኑን እኔም ያን ቀን ተማርኩ።

በመጨረሻ ሰንጠረዡ አንዱን መረጠ፤ ጠፍጣፋ ጥርስ፣ የትም ላይ የሚቆም ማስተካከያ፣ ከሁለተኛው በዜሮ ነጥብ ሦስት የበለጠ። አባባን ዓይን ሐኪም ጋ የምናደርስበት ቀን ስለነበር ሦስታችንም በዚያው ወደ ሱቁ ጎራ አልን። ሻጩ ጢሙን እንደ ክር ያቀጠነ ወጣት ነው፤ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ የቆዳ ሽርጥ ለብሷል፤ ሽርጡ ላይ ግን አንዲት የቡና ጠብታ አርፋ አታውቅም።

«በዚህ መፍጫ የሚወጣው ቡና» አለ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ «መጀመሪያ እንጆሪ፣ ቀጥሎ ቸኮሌት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዝናብ የመታው ድንጋይ ይላል።»

«ድንጋዩን ማስቀረት ይቻላል?» አልኩት። ባሌ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

ባሌና ሻጩ ልብ ለልብ ተግባቡ፤ ለሃያ ደቂቃ ሌላው ሰው ሁሉ ከዓለም ጠፋ። አባባ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠው ነበር። ተነሡና ለዕይታ የተቀመጠውን መፍጫ አንገት በሁለት ጣት ይዘው ቀስ አድርገው አዞሩት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

«ይሄን ጥርስ ማን ነው ያሰለፈው?» አሉ።

«ፋብሪካው ነው አባት» አለ ሻጩ በፈገግታ። «ሁሉም በኮምፒውተር ነው የሚሠራው።»

«ኮምፒውተር ብሎን ያጠብቃል እንዴ? እስቲ ክፈተውና ልየው።»

«ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል አባት።»

«ሐኪምም ሆዴን ከፍቶ ያውቃል፤ ማንም አልሰረዘኝም። ክፈተው ልጄ።»

«አባዬ፣ እባክህ» አለ ባሌ በለሆሳስ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ሰው እያየ ነው።»

አባባ እጃቸውን ከመፍጫው ላይ አነሡ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። 

መፍጫው ወጥ ቤት ገባ። የዳቦ መጥበሻው ይመለሳል ብዬ የያዝኩትን ተስፋ ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ቡናው ጠብ... ጠብ... እያለ ሳይወርድ ቀረ። ባሌ ማስተካከያውን በፀጉር ስፋት አላላ፤ አሁን ደግሞ ቡናው በአንድ ጎን ብቻ ቀዳዳ አበጅቶ ፊጭ ብሎ ግድግዳውን ቀባው። ያንኑ ቡና፣ በዚያው ልክ ደገመው፤ ሌላ ነገር ወጣ። ውሃ ቀየረ። ቡና ቀየረ። ከሥራ ቦታዬ የፋርማሲ ሚዛን እንዳመጣለት ጠየቀኝ፤ የበሽተኛ ሚዛን ነው ብዬ እምቢ አልኩ። የተፈጨውን ቡና ማጣሪያው ውስጥ የሚጠቀጥቅበትን እጁን በቪዲዮ ቀርጾ አየው። ቀጥሎ የእኔን እጅ ቀርጾ አየውና «አንቺ ወደ ግራ ትጫኛለሽ» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖሬ ወደ ግራ እንደምጫን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እኔ ምን አደረግሁ? ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁልፍ ሲጫኑት በወረቀት ኩባያ ቡና የሚተፋ አሮጌ ማሽን አለ። ጠዋት ጠዋት እሱ ጋ መሄድ ጀመርኩ። እንጆሪም ድንጋይም አይልም፤ ትንሽ የካርቶን ጣዕም አለው፤ ትኩስ ነው። አይጠይቀኝም፤ አልጠይቀውም።

በአሥረኛው ቀን መነጽሬን ቤት ረስቼ ባሌ ይዞልኝ መጣ። ዞር ስል ከኋላዬ ቆሟል። ኩባያውን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለ።

«ሳምንት።»

«ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ‹ዛሬ ተሻሽሏል› ትይኝ ነበር።»

«ደክመህ ስለነበር ነው።»

«ከዚህ ነገር ጋር!» አለና በጣቱ ማሽኑን አመለከተ። ወረፋ የያዘች አንዲት ነርስ ነገሩ ምን እንደሆነ ባታውቅም በኀዘን አንገቷን ነቀነቀችልኝ።

አመሻሽ ላይ ቤት እንደገባ ለሱቁ ደወለ። እኔም ከሥራ ተመልሼ ስለነበር ሻጩ ሲመልስ ሰማሁት፤ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ መፍጫው ምንም የለውም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። አንዳንድ ደንበኞቻችን ቀለል ባለ ዕቃ ቢጀምሩ እንመክራለን።»

ባሌ ስልኩን ዘጋ። ሰው ሁሉ እየጠላው እንኳ ድንበር የሚያሰምር ሰው፣ እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንደ ሰው ዕቃ አየው። ቅስሙ ሲሰበር አይቼው አላውቅም ነበር። ስቄ ልገላገል አስቤ አልመጣልኝም።

በማግስቱ እሱ ወደ መስክ ሲወጣ፣ እኔ ዕረፍት ነበርኩና በረንዳ ወጣሁ።

«አባባ፣ ያን መፍጫ ያዩልኛል?»

«እኔ የቡና ሰው አይደለሁም ልጄ» አሉ ከሬዲዮው ቀና ሳይሉ። ጥቂት ቆዩና «ከሶኬት ነቅለሽዋል?» አሉ። ቀጥለውም «ካቻቢቴ አምጪ። ጋዜጣም አንጥፊ።»

ሬዲዮዋቸውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ፤ ጋዜጣ ላይ ፈታነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው እያዘዙ እኔ ነኝ የምፈታው። መክፈቻው ላይ የተለጠፈችው የዋስትና ወረቀት ቀጭ ስትል አባባ ፈገግ አሉ። ማርከር አስመጡኝና ፊት ለፊት ከሚዞሩት ሁለት ክብ ጥርሶች የአንዱን ጠርዝ ዙሪያውን ጥቁር አስቀቡኝ። መልሰን ገጠምነው፤ ሁለቱ ጥርሶች ሊነካኩ እስኪደርሱ አጥብቀን በእጅ አንድ ጊዜ አዞርነው፤ እንደገና ከፈትነው።

«እዪ እንግዲህ» አሉ አባባ።

ጥቁሩ ቀለም በአንድ ወገን ተፍቆ ብረቱ ያበራል። በሌላው ወገን ቀለሙ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም። ጥርሱ ተንጋዶ ነበር። በአንድ ጎን ቡናውን ዱቄት ሲያደርግ፣ በሌላው ጎን ግን ሳይነካው ያሳልፈው ነበር። አርባ አንድ መፍጫ፣ አሥራ ሰባት መስፈርት፣ ሦስት ወር፤ «ተንጋዷል?» የሚል መስፈርት ግን አልነበረም።

ይሄኔ በሩ ተከፈተና ባሌ ጭቃ ባቦካ ጫማው ገባ። ዝናብ ሥራውን አቋርጦበት ነበር። መፍጫውን ጋዜጣ ላይ ሃያ ሦስት ቦታ ተበታትኖ አየው። አፉን ከፈተ። እኔ ለመሸሽ በሩን በዓይኔ ለካሁ።

«እግርህን ጥረግና ና ተቀመጥ» አሉ አባባ።

«አባዬ፣ ዋስትናው...»

«ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር። ይሄን ተመልከት።»

ባሌ ጎንበስ ብሎ ቀለሙን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ሰው አጥር ገፍቶ ሲይዘው የሚያይበት አስተያየት ነው።

«ተንጋዷል» አለ በመጨረሻ።

«ገና ሱቅ ውስጥ ሲዞር ይሰማ ነበር።»

ባሌ አንገቱን እንደ ደፋ «እንዴት ነው የሚቃናው?» ብሎ ጠየቀ። በሃያ ዓመት ውስጥ ልጁ አባቱን ስለ ሥራ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አባባም ሳይሰሙት አልቀሩም፤ ሬዲዮውን ዘጉት።

የሚቃናው ዳቦ በሚጠቀለልበት ፎይል ነው። ከጥፍር በቀጠነ ቁራጭ ይቆረጥና፣ ዝቅ ባለው ወገን ከጥርሱ ሥር ይገባል። አባባ መጀመሪያ ራሳቸው ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ቁራጩ ከሚንቀጠቀጠው ጣታቸው ወደቀ። ሁለተኛም ወደቀ። ሦስተኛውን ሳያነሡ ቀሩ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮቱን አዩ። ባሌ ቁራጩን በወረንጦ አነሳ።

«የት ጋ?»

«ከብሎኑ በስተግራ። ትንሽ... አበዛኸው። መልስ። ኧረ መልስ! መሬት እየለካህ መሰለህ?»

«መሬት እንዲህ አይጮህብኝም።»

«አፍ ስለሌለው ነው። እዚያ ጋ። ተወው። አጥብቅ። ቀለም ቀባ።»

ሰባት ጊዜ ቀቡ፤ ሰባት ጊዜ ከፈቱ። ተሰዳደቡ። አባባ «ዘጠኝ ቀን ብቻ ብትማር እንዲህ ትሆናለህ» አሉ፤ ባሌ «እያንዳንዷን ቀን ስትጮህብኝ ነበር» አለ፤ አባባ «ጣትህን ቶርኖ እንዳይበላው ነዋ!» አሉ።  እኔ ሳህን ማጠብ እንደሌለብኝ እያወቅሁ ንጹሕ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ዞር ስል ባሌ ጎንበስ እንዳለ ብሎን ያጠብቃል፤ የሚያጠብቀው ብሎን ግን ቀድሞ የጠበቀ ነበር።

በስምንተኛው ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ተፋቀ። ገጣጠሙት፣ ቡና ፈጩበት፣ ማሽኑን ተጫኑ። ቡናው ጥቂት አሰበና ወፍሮ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ማር ክር ወረደ። ግድግዳውም ተረፈ። ስኒውን ተቀብዬ ቀመስኩ። እንጆሪ የለም። ድንጋይም የለም። ደህና ቡና ነበር፤ በጣም ደህና ቡና፤ ሁለቱ ሰዎች እንደ ፈተና ውጤት አፌን ያያሉ።

«እሺ» አልኩ። ከዚህ በላይ ማወደስ በዚህ ቤት አደገኛ ነው።

አባባ ከእጄ ስኒውን ወስደው፣ ሐኪምንም እኔንም ንቀው አንድ ጉንጭ ጠጡ።

«ይመራል» አሉ። «ለዚህ ነው ሦስት ወር?»

በሳምንቱ አባትና ልጅ የተፋቀውን ቀለም በፎቶ ይዘው ሱቁ ሄዱ። እኔም ለዋስትናው ቀብር ስል ተከተልኩ። ሻጩ ስለ ሠለጠነ እጅ ሊጀምር ሲል አባባ «በራስህ እጅ አዲስ ክፈት» አሉት። የሱቁ ባለቤት ጭቅጭቁን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ ቁጡ የሚመስል ፊት ያላት ሴት ናት። አራት አስከፈተች። ሁለቱ የተንጋደዱ ነበሩ። የሻጩ ሽርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተበላሸ፤ ማርከር ነካው። ሴትዮዋ አባባን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና «ቅዳሜ ቅዳሜ ይመቻችኋል?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው ሁለቱን ነበር፤ አንዱ ጆሮ አለው፣ አንዱ ደግሞ እጅ።

ይኸው አራት ወር ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ባሌ መኪናውን ያስነሣል፤ አባባ አሮጌውን የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ ሱቅ ሄደው መፍጫ ሳይሸጥ በፊት ይፈትሻሉ። ታርቀዋል ማለት አይቻልም። መኪና ውስጥ ገና ቀበቶ ሳያስሩ ይጨቃጨቃሉ፤ ድምፃቸው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። በሥራ ቀን ጠዋት ደግሞ እኔ ኮቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ማስተካከያው ግማሽ ፀጉር ወደ ቀኝ ይሂድ ወደ ግራ በሚል ወጥ ቤቴን የፍርድ ቤት ችሎት ያደርጉታል። ሁለት ጊዜ አርፍጃለሁ። አለቃዬ ምክንያቴን ስነግራት ሁለተኛ አትንገሪኝ ብላኛለች።

ያለፈው ቅዳሜ ተቻኩለው ሲወጡ ለእኔ ቡና ሳያወጡልኝ ሄዱ። ደረጃው ላይ ድምፃቸው እየራቀ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ከዚያ በራሴ እጅ ፈጨሁ፤ ወደ ግራ ጠቀጠቅሁ፤ ተጫንኩ። ትንሽ ፈጥኖ ወረደ፤ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ማንም «ስንት ሴኮንድ ፈጀ?» አላለኝም። መስኮቱ ጋ ቆሜ እስከ አተላው ጠጣሁትና ሌላ ደገምኩ።